ሁለት ጊዜ የተሰበረ ቁርጭምጭሚት

የሚስቴ ወንድም፣ ሐኪም በብረትና በብሎን ያሰረውን ቁርጭምጭሚቴን በወጌሻ አሳሽቶ አስፈታው። ከዚያ ደግሞ «ሰክሮ ረግጦት ነው» ብሎ አስወራብኝ። በደሉ ይኸው ነው። በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። እኔን ግን ከእንጀራዬ ሊነቅለኝ ትንሽ ነበር የቀረው፤ ስለዚህ አስረዝሜ እጽፈዋለሁ። መጻፍ የተማርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነውና ቃል ማሳመር አልችልበትም። ማሳመር የሚችሉበትን ሰዎች ወደ ታች ታገኟቸዋላችሁ።

ግንበኛ ነበርኩ፤ በመንግሥት የኮንስትራክሽን መሥሪያ ቤት። ያን ዓመት ኅዳር ላይ ነፋስ ስልክ አካባቢ የመጋዘን ግድግዳ እናቆም ነበር። ከእግሬ ሥር የተጋደመውን ጣውላ አንዱ ሰነፍ ምስማር ለማምጣት ቢታክተው በሽቦ አስሮት ኖሮ፣ ጣውላው ከዳኝ። ከሰው ቁመት እምብዛም ከማይበልጥ ከፍታ ነው የወደቅሁት። ቀኝ እግሬ ግን ጠጠር ላይ ተጣሞ አረፈና እንደ ደረቅ ጭራሮ ጮኸ። አለቃችን ከሩቅ ሆኖ «ወለምታ ነው፣ ተነስ!» አለኝ። በዚህ አገር ሰው እግሩ ተቆርጦ ጎኑ ቢጋደም እንኳ መጀመሪያ ወለምታ ነው ይባላል።

ሆስፒታል ኦፕራሲዮን አደረጉኝ። በውጭ በኩል ያለውን አጥንት በስስ ብረትና በብሎኖች አሰሩት። ሐኪሙ ገና ልጅ ነው፤ ፊቴን አላየም፣ ሲናገር እንኳ ከእግሬ ጋር ነበር የሚያወራው። «አጥንቱ እስኪገጥም እንዳትረግጥ። ማንም እንዳይነካው» ብሎ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደ። ትዕቢተኛ ነበር፤ ነገሩ ግን ትክክል ነው። ይህን ለመረዳት ደግሞ ሐኪም መሆን አያሻም። አርማታ ሳይደርቅ ድጋፉን የሚያነሳ ግንበኛ ጣሪያው በራሱ ላይ ይወርድበታል። ይህን የጭቃ አቡኪዎቻችን እንኳ ያውቁታል።

ቤቴ መካኒሳ አቦ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ሲወርዱ። እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ተኛሁ። ከዚያ ጠያቂ ይጎርፍ ጀመር። ጠያቂ ማለት ብርቱካን ይዞ መጥቶ፣ ብርቱካኑን ራሱ ልጦ እየበላ፣ በሽተኛውን የሚያስፈራራ ሰው ነው። ሁሉም «እስቲ ልየው» ይላል። አይቶ ምን ሊያደርገው እንደሆነ አይታወቅም።

«ብረት ሥጋ ውስጥ? ይዝጋል እኮ!» አለ አንደኛው፣ ዕድሜውን ሙሉ ቆርቆሮ ሲቸረችር የኖረ ሰው።

«ዝገቱስ ዝገት ነው» አለች ጎረቤታችን። «እኔ የፈራሁት ክረምቱን ነው። ብረት መብረቅ ይጠራል። ሐምሌ ከገባ ደጅ እንዳትወጣ፣ ወንድሜ። እኛንም ታስጨርሰናለህ።»

ሳቅሁ። ቀና ብዬ ሳያቸው ግን ማንም አልሳቀም። በሚቀጥለው ቀን የመጡት ሁሉ ከአልጋዬ ራቅ ብለው ተቀመጡ።

የሚስቴ ወንድም ከእነዚህ ሁሉ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም እሱ ተምሯል። አብዮት ጠባቂ ነበር። ጠመንጃውን ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳ አያወርደውም። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ግራ እጁን ሽቅብ ሰድዶ «ኋላ ቀር ልማድ ይውደም! ጠንቋይ፣ እንጥል ቆራጭና ወጌሻ የሕዝብ ጠላት ናቸው!» ሲል በዚህ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። የቀበሌው የኅብረት ሱቅ አዲስ ግድግዳ ያስፈልገው ነበር። እሱ ታዲያ እኔን ሳይጠይቅ «እህቴን ያገባው ግንበኛ ነው፤ ለጥምቀት በነጻ ያቆምላችኋል» ብሎ ለሊቀ መንበሩ ቃል ገብቶልኛል። እኔ ከጣውላ ወደቅሁ። ቃሉ ግን አልወደቀም። ቀኑ እየቀረበ ሲመጣ የእኔ አጥንት ለአብዮቱ ዘገየበት።

የገና በዓል ሊሆን ሲል፣ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስት ጎረቤቶችና አንድ ሽማግሌ አስከትሎ ገባ።

«ጋሼ፣ እንግዳ አምጥቼልሃለሁ።»

«ማን ናቸው?»

«አባባ ናቸው፣ ከላፍቶ። እጃቸው ብርሃን ነው። ለጥምቀት ትጨፍራለህ።»

ሽማግሌው ገበሬ ናቸው፤ ወፍራም ጋቢ፣ ሰፊ መዳፍ። በላፍቶ በኩል በሬ ሲወድቅም ሰው ሲወድቅም እሳቸውን ይጠራሉ ይባላል።

«ሐኪሙ ማንም እንዳይነካው ብሏል» አልኩ።

«ሐኪሙ ልጅ ነው። ጢም እንኳ አላበቀለም።»

«አንተ አይደለህ እንዴ ባለፈው ሰሞን ወጌሻ ይውደም ስትል የዋልከው?»

ጎረቤቶቹ ፈገግ ሊሉ ጀምረው የጠመንጃውን አፈሙዝ ሲያዩ ተውት። እሱ ምንም አላፈረም።

«ያ ስብሰባ ነው፣ ይሄ ቤት ነው» አለኝ።

ሽማግሌው ፋሻውን እንደ ሽንኩርት ላጡት። ለጋ ቅቤ በመዳፋቸው አሙቀው የሰፉበትን ጠባሳ በአውራ ጣታቸው ይከተሉ ጀመር። ከውጭ በኩል ቆዳዬ ስስ ነው፤ የብሎኖቹ ራስ ከሥሩ እንደ ሽምብራ ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል። ጣታቸው እዚያ ሲደርስ ቆመ። ፊታቸው በራ።

«ይኸው! አጥንቱ ወጥቶ ቀርቷል! እነዚህ ልጆች ሳያስገቡት ነው የሰፉበት።»

«ብሎን ነው አባቴ! የብሎን ራስ ነው!»

«አጥንት የማላውቅ መሰለህ? አንተ ሳትወለድ ነው አጥንት የማውቀው። ያዙት።»

ያዙኝ። አንዱ ግራ ጉልበቴን፣ አንዱ እጆቼን፤ ሦስተኛው በር ዘጋ። የሚስቴ ወንድም ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ደረቴ ላይ ተቀመጠ። ከጋብቻዬ ጀምሮ ጠመንጃውን ሲያወርድ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሽማግሌው ብሎኑን ወደ ውስጥ ሊያስገቡት በሁለት አውራ ጣት ተጫኑት፤ አልገባ ሲላቸው ተረከዜን ይዘው እግሬን ጠመዘዙት። አንድ ነገር ውስጤ ሲለቅ ሰማሁ። ሚስቴ ከጓዳ እየጮኸች ወጥታ ወንድሟን በማማሰያ ትከሻ ትከሻውን ትለው ጀመር።

«ዝም በይ አንቺ፣ ለራሱ ነው!» ይላታል ደረቴ ላይ እንደተቀመጠ።

በእነዚያ ዓመታት «ለራሱ ነው» ተብሎ ያልተደረገ ክፉ ነገር አላውቅም።

ከዚያ እግሬ አበጠ፣ ጠባሳው ተከፈተ፣ መግል ያዘ። ትኩሳት አናቴ ላይ ሲወጣ የሚስቴ ወንድም ራሱ የቀበሌውን መኪና አስይዞ ሆስፒታል ወሰደኝ። ደግነት እንዳይመስላችሁ። ማንም ሳይቀድመው ለማውራት ነው። ያ ልጅ ሐኪም ራጁን ወደ መብራት አንስቶ አየና «ብሎኖቹ ለቀዋል። ረግጠኸዋል!» ብሎ ጮኸብኝ። እኔ በትኩሳት ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል። የሚስቴ ወንድም ዩኒፎርሙን ግጥም አድርጎ አልጋዬ ራስጌ ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ኀዘንተኛ፦

«ዶክተር፣ ምን እናድርገው? መጠጥ ነው» አለ።

መጠጥ እጠጣለሁ። ጠጅ ቤትም አውቃለሁ፣ ጠጅ ቤቱም ያውቀኛል። ከወደቅሁ ወዲህ ግን ጠላ እንኳ በከንፈሬ አልዞረም። ምላሴ ከተፈታ በኋላ ለሐኪሙ ስለ ወጌሻው ነገርኩት። «ሁላችሁም ስትረግጡት ወጌሻ ነው ትላላችሁ» አለኝ። አለቃዬ ሊጠይቀኝ ሲመጣም የሚስቴ ወንድም በር ላይ ጠብቆ ያንኑ ቃል አቃምሶታል። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሥራ ገባ።

ብሎኑን አውጥተው ሌላ አደረጉልኝ። ሁለተኛው ኦፕራሲዮን ከመጀመሪያው የከፋ ነው፣ ምክንያቱም ሰው የሚያዝንለት ለመጀመሪያው ብቻ ነው። ለሁለተኛው «የእጁን ነው ያገኘው» ይባላል። ጠያቂም ቀረ፤ ያችን እንኳ እንደ በረከት ቆጠርኳት።

በክራንች መሄድ ስጀምር ሆስፒታሉ ለፊዚዮቴራፒ ሰጠኝ። ሴትየዋ ቆፍጣና ናት። ቁርጭምጭሚቴ እንደ ብሎኬት ደርቋል፤ ወደ ላይም ወደ ታችም አይልም። በፎጣ ጎትት አለችኝ፣ ጎተትኩ። ጠርሙስ በእግርህ አንከባል አለችኝ፣ አንከባለልኩ። ጠርሙሱን ሰጥታኝ ስትስቅ ወሬው እዚህም እንደደረሰ ገባኝ።

«ፊደል ቆጥረሃል?» አለችኝ አንድ ቀን።

«በመሠረተ ትምህርት። ምስክር ወረቀት አለኝ።»

«እንግዲያው በአውራ ጣትህ አየር ላይ ጻፍ። ከሀ ጀምር። ጣትህ ሳይሆን ቁርጭምጭሚትህ ነው መንቀሳቀስ ያለበት።»

እጄ ፊደል የተማረው በዚያ ዕድሜ በስንት መከራ ነው፤ አሁን ደግሞ እግሬን ላስተምር! ሀ ተቻለ። ለ ተቻለ። ሐ ላይ አላበኝ። ጨ ስደርስ ከሕመሙ የተነሳ ሴትየዋን፣ ሆስፒታሉንና ጨን የፈለሰፈውን ሰው አብሬ ረገምኩ። ቤት ገብቼ አልጋዬ ጠርዝ ላይ እየተቀመጥኩ ቀጠልኩ። ፊደሉ ሲሰለቸኝ ቃል መጻፍ ጀመርኩ፦ ቀጣፊ፤ አስመሳይ፤ ሆዳም። ሚስቴ «ምን እየጻፍክ ነው?» ስትለኝ «ስለ ዘመዶችሽ ነው» እላታለሁ። እግሬ ለውጥ አሳየ። ጥላቻ ጥሩ ፊዚዮቴራፒ ነው፤ ሆስፒታል ግን አያዝዘውም።

ለውጡ ልክ ነበረው። ሜዳ ላይ በአንድ ክራንች እሄዳለሁ፤ መሰላል ላይ ግን እግሬ አይታጠፍም። የማይታጠፍ ቁርጭምጭሚት ያለው ግንበኛ ዳገት የማይወጣ አህያ ነው። ፋሲካ ካለፈ በኋላ አለቃዬ ዘንድ ሄጄ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ሥራ ጠየቅሁ፤ ቁጭ ብለው የሚሠሩት፣ ቁልፍ ይዞ ሲሚንቶና ብረት መስጠትና መቀበል ነው።

«ቦታው ክፍት ነው» አለኝ፣ ራሱን እያከከ። «ግን ያ ቦታ በሥራ ላይ ለተጎዳ ነው።»

«በሥራ ላይ አይደለም እንዴ የወደቅሁት?»

«የመጀመሪያውን በሥራ ላይ ነው። ሁለተኛውን በመጠጥ ነው፤ አገር ያውቃል። ለእኔ አይደለም፣ ለበላዮቼ ምን ልበል? ክረምት ሳይገባ «አልሰከረም» የሚል ሰው አምጣልኝ። ሚስትህን አትበለኝ፣ ሚስት አትቆጠርም። አለዚያ አሰናብተንህ ሌላ እንቀጥራለን።»

በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ እግር፣ ሌላ ማን ይቀጥረኛል? የብስራተ ገብርኤል ደጅ ላይ ቁጭ ብዬ እጄን መዘርጋት ብቻ ነው የሚቀረኝ። ምስክር ፍለጋ ወጣሁ። ግራ ጉልበቴን የያዘው ጎረቤቴ ቤት ስደርስ ገና በሩን ከመክፈቱ ላብ አጠመቀው።

«እኔ እኮ ዞሬ ነበር» አለኝ። «ጨክኜ አላየሁም።»

«ጉልበቴን ይዘህ?»

«ይዤ ዞሬ ነበር።»

እጆቼን የያዘው ደግሞ ያን እሁድ እንደውም ሰበታ ነበርኩ አለ። በር የዘጋው በሩን ዘጋብኝ። አልፈረድኩባቸውም ብዬ ልጻፍ ነበር፤ ውሸት ነው፣ ፈርጄባቸዋለሁ። ጠመንጃ ያስፈራል፣ አውቃለሁ። እኔን ግን ጠመንጃው ግድግዳ ተደግፎ ሳለ ነው የያዙኝ።

ሚስቴ የእድሩን ዳኛ ለመነች። እሱም ሁለት ሽማግሌዎች ጨምሮ፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ አንድ እሁድ መጣልኝ። ሦስቱም ነጭ ለብሰው በተርታ ተቀመጡ። «ደጁ ይከፈትልን» አሉ፤ ተከፍቶ ሳለ። የሚስቴ ወንድም አንገቱን ደፍቶ፣ ድንጋይ ጫንቃው ላይ ተሸክሞ ገባ፤ በደለኛ ይቅርታ ሲጠይቅ እንደሚያደርገው። እግሬ ላይ ሊወድቅ ተንደረደረ።

«ስለ እግዚአብሔር!» አለ የእድሩ ዳኛ። «ይቅር በል። ጥፋቱን አንቆጥረውም፤ ጥፋት ሲቆጠር ነው የሚበዛው።»

ድንጋዩን አየሁት። ቀይ አሽ ነው። ያ ወንፊት የመሰለ፣ ሕፃን በአንድ እጁ የሚወረውረው ድንጋይ! መካኒሳ ወንዝ ዳር ጥቁር ድንጋይ ሞልቶ ተርፎ፣ ይህ ሰው ለይቅርታ የሚሆን ቀላል ድንጋይ ሲፈልግ ስንት መንገድ ሄዶ ይሆን?

«አውርደው» አልኩት። «ድንጋይ ለግንበኛ አይመጣም። ዕድሜዬን ሙሉ የተሸከምኩት ነው። እኔ የምፈልገው ቃል ነው። አለቃዬ ፊት ቆመህ ‹አልሰከረም፣ ወጌሻ ያመጣሁት እኔ ነኝ› በል። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ጋሼ፣ እኔ ወጌሻ አላመጣሁም» አለ፣ ድንጋዩ ጫንቃው ላይ እንዳለ።

«ታዲያ ድንጋዩን ለምን ተሸከምክ?»

«ስለ ቤተሰቡ ሰላም ብዬ ነው።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ድንጋይ ተሸክሞ የሚክድ ሰው ገና ማየታቸው ነው መሰለኝ።

«እኒያ የላፍቶ ሰውዬ ይጠሩ» አልኩ።

የሚስቴ ወንድም ወዲያው «ይጠሩ!» አለ። ልቡን አውቄበታለሁ፦ አብዮት ጠባቂ ፊት ‹አዎ፣ የሐኪም ሥራ አፍርሻለሁ› የሚል ገበሬ የለም ብሎ ነው። ለሚቀጥለው እሁድ ተቀጠረ፤ እሱም ያን ቀን ድንጋዩን ትቶ ጠመንጃውን ይዞ መጣ።

ሽማግሌው ገቡ። የእድሩ ዳኛ ጉሮሮውን ጠርጎ «አባባ፣ ይህን ሰው አሽተውታል ይባላል። ውሸት ነው አይደል?» አላቸው። የአጠያየቁን ነገር ታዘቡልኝ።

«ማን ነው ውሸት ያለው?» አሉ ሽማግሌው፣ ተቆጥተው። «አሽቼዋለሁ እንጂ! አጥንቱ ወጥቶ አገኘሁት፣ በዚህ እጄ አስገባሁት። ይሄ ልጅ ቤቴ ድረስ መጥቶ ለምኖኝ ነው።» በከዘራቸው ወደ ጠመንጃው ባለቤት ጠቆሙ። «ደረቱ ላይ የተቀመጠውም እሱ ነው። ደግ አድርጎ ይይዛል። ለበሬም ይሆናል።»

 ከዚያ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁ አፈነው፣ ነጠላውን አፉ ላይ ያዘ። የላፍቶው ሰውዬ ግን ጨዋታውም አልገባቸው። ጎንበስ ብለው እግሬን አዩ፣ ጣታቸውን ሰደዱ።

«አሃ! ተመልሶ ወጥቷል! እስቲ ቅቤ አምጪ ልጄ፣ አንድ ጊዜ ነው የቀረው።»

ክራንቼን አነሳሁ። ሰውዬው ከዚያች ቤት ሙሉ አናት ይዘው የወጡት ሚስቴ መሃል ስለገባች ብቻ ነው። እስከ ዛሬ አጥንት ያስገቡ ይመስላቸዋል። የሚገርመው ግን፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ያደረገውን አድርጌያለሁ ያለ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

የሚስቴ ወንድም ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ጋሼ፣ ቀበሌ ከሰማ አለቀልኝ። ወጌሻ ያመጣ አብዮት ጠባቂ ብለው መሳቂያ ያደርጉኛል።»

«ያድርጉህ። እኔን ሰካራም ብለውኛል፤ አልሞትኩም።»

«ለመልካም አስቦ ነው እኮ…» ብሎ ጀመረ አንደኛው ሽማግሌ። የእድሩ ዳኛ ግን አስቆመው። ዳኛው ፊቱ ጠቁሯል። ለእኔ አዝኖ እንዳይመስላችሁ። ያ ልጅ ባለፈው እሁድ እሱን፣ ዳኛውን፣ ዓይን ለዓይን እያየ ዋሽቶታል። ስለ ራሱ ክብር ነው የነደደው።

«ስማኝ አንተ» አለው። «ነገ ጠዋት ከዚህ ሰው ጋር ሥራ ቦታው ትሄዳለህ። የተጠየቅከውን ትናገራለህ። አለዚያ እናትህ አርጅታለች፤ ቀኗ ሲደርስ እድሩ ድንኳን አይተክልም፣ ሰው አይልክም። ጠመንጃህ ይቅበራት።»

ሚስቴ ጮኸች፤ እናቷም ናት። የሚስቴ ወንድም እንደ ኖራ ነጣ። በዚያን ዘመን መንግሥትን የማይፈራ አልነበረም፤ ያለ ቀባሪ መቅረት ግን ከመንግሥትም ይብሳል። እናትን በባዕድ ትከሻ መላክ ለጠላትም አይመኙት። «እሄዳለሁ» አለ።

በነጋታው ዝናብ ነበር። እሱ ሲቪል ለብሶ፣ ያለ ጠመንጃ፣ እኔ በክራንች፣ ጭቃውን አቋርጠን ሥራ ቦታው ደረስን። ሠራተኛው ዝናቡን ሸሽቶ ከቆርቆሮው ሥር ተሰብስቧል። አለቃዬ ሻይ እየጠጣ ነው።

«አልሰከረም» አለ የሚስቴ ወንድም፣ ወደ መሬት።

«ምን?» አለ አለቃዬ። «ቆርቆሮው ይጮሃል፣ አልሰማሁም።»

«አልሰከረም! አልረገጠውምም! ወጌሻ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ደረቱ ላይ ተቀምጬ የያዝኩትም እኔ ነኝ። መጠጥ ያልኩት ውሸቴን ነው።»

ከኋላ አንድ ሠራተኛ «ጓድ ወጌሻ!» አለና ቆርቆሮው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ፈነዳ። እኔ አልሳቅሁም። ሲስቁ አየኋቸው፦ እነዚሁ ሰዎች አምስት ወር ሙሉ በእኔ ሲስቁ የከረሙ ናቸው፤ አፋቸውም ያው አፍ ነው። አለቃዬ ሻዩን ጨርሶ፣ ብርጭቆውን ደፍቶ፣ ከኪሱ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ አውጥቶ ሰጠኝ። ይቅርታ አላለኝም፤ አልጠበቅሁምም። ዕለቱ ሰኞ፣ ሰኔ 6 ቀን 1975 ዓ.ም. ነበር።